በወለተኢየሱስ ስም የተጻፈው ጀሶ

በየነ ጥርስ ነቃይ አልነበረም። የሚነቅሉት ሌሎች ናቸው፤ እሱ ዘንድ የሚመጣው ሰው አስነቅሎ የጨረሰ ነው። ሮቤ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ጎባ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ሰዓት አዳሽ መካከል በተሰነቀረች ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ድዳቸው ብቻ ለቀረ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጥርስ ይሠራ ነበር። ሙያውን የተማረው አዲስ አበባ ነው፤ አንድ አርመናዊ የጥርስ ሐኪም ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ገብቶ፣ መጥረጊያውን እንደያዘ በማየት። ለውጡ መጥቶ አርመናዊው ከአገር ሲወጣ አንድ ሣጥን መሣሪያ ተወለት። በየነም ሣጥኑን ተሸክሞ እናቱ ወደተወለደችበት ወደ ባሌ መጣ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰም በሙቅ ውሃ ያለሰልስና በብረት ማንኪያ ላይ አድርጎ ከላንቃ ጋር ይጫነዋል። ጥቂት ጠብቆ ያወጣዋል። በሰሙ ላይ የታተመውን በጀሶ ይሞላዋል። ጀሶው ደርቆ ሰሙ ሲላቀቅ፣ የሰውየው የአፍ ጣሪያ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ይላል። ጥርሱ የሚሠራው በዚያ ጀሶ ላይ ነው። ጀሶው ልክ ከሆነ ጥርሱም ልክ ይሆናል፤ ጀሶው ከዋሸ ጥርሱም ይዋሻል።

በየነን ከሁሉ የሚደንቀው ላንቃ ነበር። «እስቲ ምላስዎን ከፊት ድድዎ ጀርባ ያሳርፉት» ይለዋል ደንበኛውን። «ሽብሽብ ያለ ነገር አልነካዎትም? እሱን ልብ ይበሉት። ጥርስ ይረግፋል፣ ፊት ይጨማደዳል፣ ያ ሽብሽብ ግን ከእናትዎ ሆድ ይዘውት የወጡት ነው፤ ይዘውት መቃብር ይወርዳሉ። የእርስዎን የሚመስል ሌላ ሰው የለም፤ የእናትዎ ልጅ እንኳ አይመስልዎትም።» ደንበኛው ምላሱን ያንከባልልና ይስቃል። በእርግጥም የአንዱ ላንቃ እንደተዘረጋ ጣት፣ የሌላው ጥማድ በሬ እንዳወጣው ትልም፣ የሌላው ደግሞ ክረምት እንደቦረቦረው ተዳፋት ነበር።

የሠራቸውን ጀሶዎች አይጥላቸውም። በየመቀመጫቸው ላይ የባለቤቱን ስም በኮፒ እርሳስ ይጽፍና መደርደሪያ ላይ ይደረድራቸዋል። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆሞ፣ «በየነ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙርልን እንጂ! የከተማው ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ እያየን እንዴት ሰው እንማ?» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ሌላም የሚያስቀልድ ነገር ነበረው። በየነ የአንድ ሰው ልክ ሁለት ጊዜ ወስዶ አያውቅም። ሌሎቹ ሦስት አራት ጊዜ እየደጋገሙ ሽማግሌ ሲያስተፉ፣ እሱ አንድ ጊዜ ይጭናል፤ አበቃ። ስለዚህ ስሙ «አይደግሜው» ተባለ። ሲጠሩት ሳቅ ይላል እንጂ አይቆጣም። እንዲያውም በዚያ ስም ይኮራ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ የመጣውም ከዚያ ኩራት ነው።

እማማ ወለተኢየሱስ ፈትል እየፈተሉ፣ እየሸጡ፣ አንዲት ሴት ልጅ ብቻቸውን ያሳደጉ ባልቴት ናቸው። በየነ ሣጥኑን ተሸክሞ ሮቤ የገባ ቀን ማደሪያ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሚካኤል ማኅበር አብረው ይጠጣሉ፤ «ልጄ» ይሉታል፣ «እማማ» ይላቸዋል። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ልጃቸው ቀለሟ ልታገባ ሆነ። አንድ ሐሙስ ቀን ጠዋት አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው መጡ።

«በየነ ልጄ፣ የላይኛው ሁሉ ወልቋል፤ ታየዋለህ። በልጄ ሠርግ ላይ ሰው ሲስቅ አፌን ይዤ ልቀመጥ?»

«ቅዳሜ ይወስዳሉ እማማ። እሁድ ከሙሽራዋ ይልቅ እርስዎ ይታያሉ።»

«ወግድ! አሮጊት ትቀልድብኛለህ» አሉና ሳቁ፤ አፋቸውንም ከፈቱለት።

ልካቸውን ወሰደ። ጀሶውን አፈሰሰ። ዓርብ ጠዋት መቀመጫውን በቢላ ሲያስተካክል ጀሶው ከእጁ ሾልኮ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና እንደ ብስኩት ተፈረካከሰ። ሰሙንም ቀልጦ ለሌላ እንዲሆን ከሙቅ ውሃው ውስጥ መልሶት ነበር።

ጀሶ አልጠፋም። ሰምም አልጠፋም። እማማ ወለተኢየሱስ ቤትም በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። የጠፋው፣ «እማማ፣ እጄ ላይ ተሰበረና እባክዎ ደግመው አፍዎን ይክፈቱልኝ» የሚል አንደበት ነው። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ነበር። እማማ በዚያ በሠርግ ግርግር መሀል ተጠርተው ሲመጡ ያያል፤ «አይደግሜው ደገመ!» ብሎ ለከተማው ይነግራል። በየነ ይህን እያሰበ መደርደሪያውን ተመለከተ። ጎሮ የሚኖር አንድ የእህል ነጋዴ ጀሶ ዓይኑ ገባ። አውርዶ ስፋቱን በኮምፓስ ለካው። ከመውደቁ በፊት የለካው የእማማም ስፋት እንደዚሁ ነበር። «መጠኑ አንድ ነው» አለ ለራሱ። ሽብሽቡ አንድ እንዳልሆነ፣ የነጋዴው ላንቃ በግራ በኩል ጎድጎድ እንደሚል፣ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ሮቤ ውስጥ አልነበረም። የነጋዴውን ስም በቢላ ፋቀው። በምትኩ «ወለተኢየሱስ» ብሎ ጻፈ።

ቅዳሜ ጥርሱን አደረገላቸው።

«ትንሽ ይቆረቁረኛል፤ እዚህ በግራ በኩል» አሉ።

በሞረድ ጫፉን ነካ ነካ አደረገው። «ይለመዳል እማማ። አዲስ ጫማስ አይቆረቁርም?»

«እውነትህን ነው፤ ይለመዳል» አሉና በመስታወት ራሳቸውን አይተው እንደ ልጃገረድ ሳቁ። በሠርጉ ላይ አምረው ዋሉ። በሚቀጥለው የማኅበር ቀን ጽዋው ሲዞር፣ «ይህን ጥርስ የሠራልኝ ልጄ በየነ ነው፤ እጁን ይባርከው» ብለው በሰው ፊት መረቁት። በየዓመቱም ሲመርቁት ኖሩ። በየነ ሲመረቅ አንገቱን ይደፋል፤ ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በጥቅምት ወር፣ ላምባ በበርሜል የጫነ አንድ ቶራ የጭነት መኪና ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና ሲሄድ የሳነቴን ሜዳ ጨርሶ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ። ከላይ የተጫኑት ሰዎች ዘለው ተረፉ፤ ሾፌሩም እግሩ ተሰብሮ ተረፈ። ዕድሜያቸው ተከብሮ ጋቢና የተሰጣቸው ሁለት ሰዎች ግን አልወጡም። አንዷ፣ መና ያለ ዘመድ ሊጠይቁ የተሳፈሩት እማማ ወለተኢየሱስ ናቸው። ሌላው የመናው ሰው ኦቦ ወዚር ናቸው፤ ጎባ ታክመው ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነበር። በርሜሎቹ ጋቢናው ላይ ፈንድተው ከወገብ በታች ያለውን ዐመድ አደረጉት። ከላይም ቢሆን ሰው መሆኑ እንጂ ማን መሆኑ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አይለይም። ሁለቱም የላይኛው ጥርስ አልነበራቸውም፤ ሁለቱም ደቃቆች ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ፖሊስ ከቀለሟ ጋር የበየነ በር ላይ ቆመ።

«ጓድ በየነ፣ ጎባ ያለው ሐኪም ይፈልግሃል» አለ ፖሊሱ። «የሟቿ የላንቃ ልክ አንተ ዘንድ አለ ብለውታል። እውነት ነው?»

በየነ ጠፍቷል፣ ተሰብሯል ሊል አፉን ሲከፍት ቀለሟ ቀደመችው። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ጣቷን ወደ መደርደሪያው ዘረጋች።

«ያውና! ስሟ ተጽፎበታል። ጋሽ በየነ፣ እናቴን እርስዎ ያገኙልኛል። ካህኑ ማንነቷ ሳይታወቅ ፍትሐት አላደርግም ብለዋል። ማዘጋጃ ቤት ደግሞ ነገ ሁለቱንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ እቀብራለሁ ይላል።» ከነጠላዋ ቋጠሮ አንድ ነገር አውጥታ ሰጠችው። ጥርሱ ነበር።

«አላደረጉትም እንዴ?» አለ በየነ።

«ለመንገድ አታደርገውም። ለቤተ ክርስቲያንና ለማኅበር ብቻ ነው። እርስዎ ሊመጡ ነው ሲባል ደግሞ ሮጣ ታደርገዋለች።»

በየነ ጀሶውን በጋዜጣ ጠቀለለ። ሰሙንና የብረት ማንኪያውንም ሣጥኑ ውስጥ ከተተ።

ወደ ጎባ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ጀሶውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ግራና ቀኝ ያለው ስንዴ ወርቅ መስሏል። ቀለሟ ከጎኑ ሆና ጋዜጣውን በሁለት ጣቷ ዳበስ ታደርግ ነበር፤ ሕፃን የያዘች ይመስል። እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ፣ «አሁን እነግራታለሁ» ይላል። መታጠፊያው ያልፋል።

ሐኪሙ ዶክተር ለታ ይባላል፤ ከትምህርት ቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ እንቅልፍ ያጣ ወጣት። በሆስፒታሉ ጀርባ ካለች ክፍል በር ላይ ተቀበላቸው። በረንዳው ላይ አንድ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የኦቦ ወዚር ልጅ ቀነዓ ነው።

«ጋሽ በየነ፣ የወሰዱት ልክ ያስፈለገኝ በዚህ ምክንያት ነው» አለ ዶክተሩ በየነን ብቻ አስገብቶ በሩን ዘግቶ። «ፊት ሲቃጠል ላንቃ ይተርፋል። ምላስ ከታች፣ ጉንጭ ከጎን ይሸፍኑታል። ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን አንድ ጊዜ ነግሮን ነበር፤ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም። የሁለቱንም ልክ ይውሰዱልኝና ከዚህ ጋር እናመሳክር።»

በየነ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያስተነፍስ፣ «በአፍንጫዎ ይተንፍሱ» ሲል የኖረ ነው። የዚያን ቀን የሚተነፍስ ሰው አልነበረም። ሰሙን አለስልሶ የአንዱን ወሰደ፤ የሌላውንም ወሰደ። ጀሶውን አፍስሶ እስኪደርቅ ጠበቁ። ሁለቱን ጀሶዎች መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። አንደኛው ጠበብ ያለ ላንቃ ነው፤ ሁለተኛው ሰፋ ያለ። ሦስተኛውን፣ በወለተኢየሱስ ስም የተጻፈውን፣ ከመሀላቸው አደረጉት።

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ብዙ ጊዜ አየ። በእርሳስ ጫፍ ሽብሽቦቹን አንድ በአንድ ተከተለ። ከዚያ ጥርሱን አነሣና በተጻፈበት ጀሶ ላይ አስቀመጠው። ልክክ አለ።

«ጥርሱና ጀሶው አንድ ናቸው» አለ ዶክተሩ። «ሁለቱ ላይ ያለው ላንቃ ግን ሌላ ነው። ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምም። ጋሽ በየነ... እኚህ ሴትዮ እዚህ የሉም ማለት ነው።»

ዶክተሩ ወደ በረንዳው ወጣና ለቀለሟ ነገራት። ጩኸቷ ከበሩ ወዲህ ተሰማ፤ የልቅሶ ጩኸት ግን አልነበረም።

«ወርዳለች! መንገድ ላይ ወርዳለች! እናቴ በሕይወት አለች! ሰው እንላክ፤ ሪራ መንደር ድረስ ሰው ይሂድልኝ!»

በየነ የቀለሟን ደስታ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለራሱ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣበት ያ ድምፅ ነው፤ እሷ ስትደሰት እሱ በሩ ኋላ ዝም ብሎ መቆሙ።

ዶክተሩ ግን ጠንቃቃ ነበር። እዚያው ወደተኛው ሾፌር ሄዶ ደግሞ ጠየቀው። ሾፌሩ፣ «ከጎባ ከወጣን አንድም ቦታ አልቆምኩም፤ ሁለቱም አጠገቤ ነበሩ፤ ማኅተብ ያሰሩት ሴትዮ ዳዊታቸውን ይዘው ነበር» ብሎ ማለለት። ዶክተሩ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

«እንግዲያው ከሁለቱ አንዷ እሳቸው ናቸው። ጀሶው ምን ሆኖ ነው? ላንቃ በዕድሜ ይለወጣል እንዴ?»

«ሊለወጥ... ይችላል» አለ በየነ።

ለደንበኛ ሁሉ ሲምልበት የኖረውን ነገር በአንድ ቃል ካደው።

«በመጽሐፍ የሴት ላንቃ ጠበብ ይላል፣ ሽብሽቡም ያንሳል ይባላል» አለ ዶክተሩ ጠበብ ያለውን ጀሶ እያነሣ። «ግን ግምት ነው። በግምት ሰውን ከሃይማኖቱ አላወጣም። እርስዎ በሺህ የሚቆጠር አፍ አይተዋል። ምን ይላሉ?»

በሩ ተንኳኳና ቀነዓ ብቅ አለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ኦቦ በየነ» አለ፤ «ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አባቴን ሳላጥብ፣ ሳልከፍን ሦስት ቀን። ካወቅህ በአላህ ንገረኝ። ካላወቅህም አላውቅም በለኝ፤ ሁለቱንም ወስጄ እቀብራለሁ፤ ሴትዮዋም እናቴ ይሁኑ።»

በየነ የሰውየውን ፊት ማየት አልቻለም። የሚያስፈልገው ይህ ነገር ቶሎ ማለቁ ብቻ ነበር። ስማቸው የተጻፈበትን ጀሶ በጋዜጣው ሸፈነና፣ «ጠባቡ የሴት ነው፤ አውቃለሁ» አለ።

ቀነዓ ዓይኑን ጨፈነ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ዶክተሩ ትንሽ አመነታ፤ በኋላ ግን ወረቀቱን ሊያስጽፍና ማኅተም ሊያስመታ ወደ ቢሮ ሄደ።

በየነ ብቻውን ቀረ። ሥራው እንዳለቀ ሁሉ ዕቃውን ይሰበስብ ጀመር። ሰፊውን ጀሶ ሲያነሣ በግራ በኩል፣ ከሽብሽቦቹ ኋላ፣ የገመድ ጫፍ የምታህል አንዲት እብጠት አየ። ጀሶ ሲፈስ አየር ይይዝና እንዲህ ያደርጋል። በጥፍሩ ሊያነሣት ሞከረ፤ አልተነሣችም። በጨርቅ አሻት፤ አልጠፋችም። ከዚያ ልቡ አንድ ነገር ጠረጠረና ጀሶውን አስቀምጦ ልኩ ወደተወሰደበት አስከሬን ሄደ፤ በባትሪ ወደ አፉ ውስጥ አበራ።

ጀሶው አልዋሸም። ሥጋ ነበር። ቆስሎ የዳነ፣ ዳግመኛ ቆስሎ ዳግመኛ የዳነ፣ በመጨረሻም እንደ ከንፈር የወፈረ ሥጋ። በየነ እንዲህ ያለ ነገር ያውቃል፤ ልኩ ያልሆነ ጥርስ ለዓመታት ሲፍቅ የሚያበቅለው ነው። ኦቦ ወዚር ደግሞ፣ ልጃቸው ለዶክተሩ እንደተናገረው፣ በሕይወታቸው ሰው ሠራሽ ጥርስ አድርገው አያውቁም።

ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ቀለሟ የሰጠችውን ጥርስ አንሥቶ በሰፊው ጀሶ ላይ አስቀመጠው። አልተቀመጠም፤ ተወዛወዘ። በግራ በኩል ጫን አደረገው። የጎሮው ነጋዴ ላንቃ ጎድጎድ ባለበት ቦታ ላይ ጥርሱ ጉብ ይላል፤ ጉብታው ከቁስሉ እግር ሥር ገብቶ ቆመ። ቅንጣት ክፍተት የለውም። ቁስሉን የቆፈረው እሱ ነው።

ሰፊው ላንቃ የእማማ ነበር፤ ያኔ በኮምፓስ የለካው ስፋትም አሁን ገና ትዝ አለው። ጠባቡ የኦቦ ወዚር ነው። በየነ አሁን በተናገረው ቃል፣ ኦቦ ወዚር መስቀል ተይዞላቸው ቤተ ክርስቲያን ሊቀበሩ፣ እማማ ወለተኢየሱስ ደግሞ መና ሄደው ያለ ፍትሐት መቃብር ሊገቡ ነው።

የነጋዴውን ጀሶ መሬት ላይ ቢለቀው ይሰበራል። ሰፊውን ጀሶ ጠቁሞ፣ «ተሳስቻለሁ፤ ይሄ ነው የሴት» ቢል ማንም ምክንያት አይጠይቀውም ይሆናል። ይህንም አሰበ። ግን ዶክተሩ በግምት እንደማያምን አሁን አይቷል፤ ቃሉን የለወጠ ሰው ደግሞ ማን ያምነዋል? አስረጂው ያ ጥርስ ብቻ ነው፤ ያ ጥርስ ደግሞ ምን እንደሆነ ካልተነገረ አያስረዳም።

ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ ሲገባ በየነ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ዶክተር፣ ማኅተሙን አታስመታው። ዋሽቼሃለሁ።»

ነገረው። ስለ ተሰበረው ጀሶ፣ ስለ ፋቀው ስም፣ ስለ ጎሮው ነጋዴ። ዶክተሩ አላቋረጠውም። ሰፊውን ጀሶ ወስዶ ጥርሱን ራሱ ደጋግሞ ጫነው፤ ሄዶ አፉን በባትሪ አየ፤ ተመልሶ እጁን ታጠበ።

«ለእኔ መንገር ቀላል ነው፤ ዘመዳቸው አይደለሁም» አለና በሩን ከፍቶ ሁለቱን ጠራቸው።

ቀለሟ ገና ከበሩ ስትገባ፣ «ሪራ ሰው ተላከ?» አለች።

በየነ ተነሥቶ ቆመና ሁሉንም ደገመው። ሲጨርስ ቀለሟ ጥርሱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። አውራ ጣቷን በጉብታው ላይ አሳረፈች።

«ለሠርጌ የሠራኸው ነው?» አለች። «እርስዎ» ማለቷን ትታ ነበር።

«አዎ።»

«በሠርጌ ቀን ሥጋ አልበላችም። ጾም ላይ ነኝ አለችኝ። እሁድ ነበር እኮ። የጥር እሁድ ምን ጾም አለው ብዬ ሳቅሁባት።» ጉብታውን ጫን አደረገችው። «አራት ዓመት ሙሉ ሽሮ በውሃ አቅጥና ስትጠጣ ሆዴ ነው ትለኝ ነበር። አንድ ቀን አሟት ደም ስትተፋ አይቼ፣ ጋሽ በየነ ያስተካክለው ብላት፣ ‹ተይ፣ ይከፋዋል፤ ለፍቶበታል› አለችኝ።»

ጥርሱን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ታውቅ ነበር?»

«እንደሚቆረቁራቸው... አውቅ ነበር። ይህን ያህል መሆኑን አላውቅም። ጠይቄያቸውም አላውቅ።»

ቀነዓ ወደ ጠባቡ ጀሶ ቀርቦ፣ «ይሄ የአባቴ ነው?» አለ ዶክተሩን። ዶክተሩ በራስ ንቅናቄ አዎ አለው። ቀነዓ ጀሶውን አልነካውም። ሲወጣ በየነ አጠገብ ቆም አለ። «ኦቦ በየነ፣ አባቴን ልታሳስተኝ ነበር። መልሰህ ደግሞ ሰጠኸኝ። አላህ ይይልህ» አለው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

ዶክተሩ በየነን በገዛ እጁ አጻፈው። «ልኩ ባልሆነ ጀሶ ላይ የሠራሁት ጥርስ በላንቃቸው ላይ ካቆሰላቸው ቁስል የተነሣ ሟች ወለተኢየሱስ መሆናቸውን አረጋግጫለሁ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ሲጽፍ ብዕሩ ሦስት ጊዜ ቆመ። ፈረመ። ወረቀቱ ለቀበሌውም ለቤተ ክርስቲያኑም ተሰጠ። ካህኑ አንብበው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ለማንም አላነበቡም።

በማግሥቱ እማማ ወለተኢየሱስ ሮቤ ላይ በሥርዓት ተቀበሩ። ከቀብር መልስ የእድሩ ድንኳን ሞላ። በየነ ከበሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። መምጣት አልፈለገም፤ መቅረት ደግሞ አልቻለም። ቀለሟ ከፊት፣ ከሴቶቹ መሀል፣ አንገቷን ደፍታለች፤ ሲገባ አላየችውም፣ ወይም አይታ ዝም ብላለች። ለማንም ያልነገረች መሆኗን በየነ ያወቀው፣ የማኅበርተኛዋ የወይዘሮ እታለማሁ እጅ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ነው።

«እዩት፣ እዩት ይሄን ልጅ!» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ እንባቸውን እየጠረጉ። «ይሄ ባይኖር ወለትዬን የት እናገኛት ነበር? ከዚያ ሁሉ ዐመድ ውስጥ በላንቃዋ ለይቶ አወጣት አሉ! በሕይወቷም ጥርስ ሆናት፣ በሞቷም ዓይን ሆናት። እጅህን ይባርከው!»

«አሜን» አለ ድንኳኑ። «ይባርከው። የእናት ልጅ አይደለም፤ ከልጅም በላይ ነው።»

ልብስ ሰፊው ከማዶ ሆኖ አንገቱን በአድናቆት ነቀነቀለት። በየነ አንገቱን ሊደፋ ሲል፣ ስንት ጊዜ እንዲህ እንደደፋ ትዝ አለው። ብድግ አለ።

«አይደለም» አለ።

ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ፊት ያሉት አልሰሙትም። ደግሞ፣ «አይደለም፤ አትመርቁኝ» አለ። «ያወቅኋቸው ባቆሰልኳቸው ነው።»

የእድሩ ዳኛ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «አቶ በየነ፣ ሐዘን ነው፤ ተቀመጥ። ለሌላ ቀን ይሆናል።»

«ይናገር» አለች ቀለሟ፤ አንገቷን ቀና አላደረገችም። «ትናንት ለእኔ የነገረኝን ለእነሱም ይንገራቸው።»

በየነ አንገቱን ሳይደፋ፣ ከዚያ ከሐሙስ ጠዋት፣ እማማ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ከመጡበት ጀምሮ ነገራቸው። የነጋዴውን ስም በቢላ እንደፋቀ ሲደርስ፣ የወይዘሮ እታለማሁ እጅ ቀስ ብሎ ከትከሻው ላይ ተነሣ።